ቀይ ብርሃንና የሚሳሳ ፀጉር፦ ሕክምናው እንዴት ይፈተናል?

በሰው ራስ ላይ 100,000 ያህል ፀጉር እንዳለ ይገመታል፤ እያንዳንዱም ፎሊክል ከሚባል፣ በቆዳ ውስጥ እንደ ጠባብ ከረጢት ከተቀበረ ሥፍራ በቅሎ፣ ከጎረቤቱ ተለይቶ የራሱን ዕድሜ ይኖራል። የዕድገቱ ዘመን ከ2 እስከ 6 ዓመት ይዘልቃል፤ ከዚያ በሁለትና ሦስት ሳምንት ውስጥ ከረጢቱ ይኮማተራል፤ ቀጥሎም ሦስት ወር ያህል ያርፋል፤ በመጨረሻ አሮጌው ፀጉር ይረግፍና ከዚያው ከረጢት አዲስ ይወጣል። ጤናማ ሰው በየቀኑ ከ50 እስከ 100 ፀጉር ቢረግፍበት የሚያሳስብ የማይሆነው በዚህ ምክንያት ነው። የዛሬው ዝግጅት ለፀጉር መሳሳት በቀይ ብርሃን የሚሰጠው ሕክምና እንዴት እንደተፈተነ የሚያብራራ ሲሆን፣ ይህ ዑደት ከሁሉ አስቀድሞ መነገሩ ተገቢ ነው፤ ፀጉር ያበቅላል የተባለ ሕክምና ሁሉ የሚፈተነው ያለ ሕክምናም ዘወትር በሚረግፍና በሚበቅል አካል ላይ ነውና።

በርዕሱ የተጠቀሰው የፀጉር መሳሳት በልማድ በራነት ወይም ራሰ በራነት የሚባለው፣ በዘር የሚወረስና በሆርሞን የሚመራ፣ የሚታወቅ ቅርጽ ይዞ የሚሄድ ዓይነት ነው። በወንዶች ከግንባር ግራና ቀኝ ይጀምርና ከመሐል አናት ከሚነሣው ጋር ቀስ በቀስ ይገናኛል፤ በሴቶች ግን የግንባሩ መስመር አብዛኛውን ጊዜ ባለበት ሆኖ አናቱ ይሳሳል፣ የፀጉር መክፈያውም መስመር እየሰፋ ይሄዳል። የዘር ብልታቸው ከጉርምስና በፊት የተሰለበ ወንዶች በራ እንደማይሆኑ በሂፖክራተስ ስም በሚታወቁት ጥንታዊ የግሪክ የሕክምና ጽሑፎች ተመዝግቧል፤ ነገሩን በዘመናዊ ምርምር ያረጋገጠው ግን ጄምስ ሃሚልተን የተባለ አሜሪካዊ ሳይንቲስት ሲሆን፣ በ1942 ባሳተመው ጥናት የወንድ ሆርሞን ለበራነት አስፈላጊ መነሻ መሆኑን አሳየ። በዚህ ዝግጅት የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ጉዳዩን ይበልጥ ያጠራው ከዶሚኒካን ሪፐብሊክ ገጠር የመጣ መረጃ ነው። በዚያ በአንዳንድ ቤተሰቦች ቴስቶስቴሮን የተባለውን የወንድ ሆርሞን ዳይሃይድሮቴስቶስቴሮን ወደሚባል ብርቱ ቅርጽ የሚለውጠው ኢንዛይም፣ ማለትም በሰውነት ውስጥ የኬሚካል ለውጥን የሚያፋጥን ፕሮቲን፣ ከውልደታቸው ጀምሮ የሚያንሳቸው ወንዶች እንዳሉ በ1974 ለሳይንስ ዓለም ተገለጠ፤ እነዚህ ሰዎች ካደጉ በኋላ ፀጉራቸው በወንዶች በራነት ሥርዓት አልሳሳም። ከዚህ በመነሣት ያንኑ ኢንዛይም የሚያግድ ፊናስተራይድ የተባለ ክኒን ተሠርቶ በ1997 በአሜሪካ ለወንዶች በራነት ጸደቀ። በዘሩ የተጋለጠ ፎሊክል ይህን ብርቱ ሆርሞን ሲያገኝ አይሞትም፤ ከዑደት ወደ ዑደት እያነሰ ይሄዳል፣ የዕድገት ዘመኑም ያጥራል፤ ቀድሞ ወፍራምና ረጅም ፀጉር ያበቅል የነበረው በስተመጨረሻ በዓይን ለማየት የሚያስቸግር ለስላሳ ጠጕር ብቻ ያወጣል። የሕክምና ተስፋ ያለውም በዚሁ ላይ ነው፤ ፎሊክሉ በሕይወት እስካለ ድረስ የዕድገት ዘመኑን የሚያረዝምለት ነገር ቢገኝ ፀጉሩ መልሶ ሊወፍር ይችላል።

ቀይ ብርሃን ከዚህ ጉዳይ ጋር የተገናኘው በአጋጣሚ ነው። ቴዎዶር ሜይማን የመጀመሪያውን ሌዘር፣ ማለትም አንድ ዓይነት የሞገድ ርዝመት ያለውና ወደ አንድ አቅጣጫ የተሰበሰበ ብርሃን የሚያመነጭ መሣሪያ፣ በሩቢ ድንጋይ አማካይነት የሠራው በ1960 ነበር። ጥቂት ዓመታት ቆይቶ በቡዳፔስት ኤንድሬ ሜስተር የተባለ የሃንጋሪ ሐኪም ሌዘር ከካንሰር ጋር ያለውን ግንኙነት ለመመርመር የአይጦችን ጀርባ ላጭቶ ኃይሉ አነስተኛ የሆነ የሩቢ ሌዘር አበራባቸው። ብርሃኑ ካንሰር አላመጣባቸውም፤ ነገር ግን የተላጨው ጠጕር ብርሃን ካላገኙት አይጦች ይልቅ ፈጥኖ በቀለ። ሜስተር የሚፈልገው ይህን አልነበረም፤ ሆኖም ያየውን ሳይንቅ መመዝገቡ፣ ዛሬ ዝቅተኛ ኃይል ያለው የብርሃን ሕክምና ለሚባለው የጥናት ዘርፍ መነሻ ሆኗል።

ይህ ሕክምና በመርፌም በቢላዋም ቆዳን አይወጋም፣ አያቆስልም። ታካሚው ማበጠሪያ የሚመስል መሣሪያ በራሱ ላይ ያንሸራትታል፣ አለዚያም ብርሃን ሰጪዎች በውስጡ የተደረደሩበትን ቆብ ለተወሰኑ ደቂቃዎች ይደፋል። ብዙ ጊዜ የሚመረጠው የሞገድ ርዝመቱ 655 ናኖሜትር አካባቢ የሆነ ቀይ ብርሃን ሲሆን፣ የአንዱ የሌዘር ጨረር ኃይል ደግሞ 5 ሚሊዋት ያህል ነው። ይህ ብርሃን ፀጉርን ከሥሩ በሙቀት አቃጥሎ ለማጥፋት በውበት ማዕከላት ከሚያገለግለው ብርቱ ሌዘር ጋር ሊምታታ አይገባም፤ ዝቅተኛው ብርሃን ቆዳን አያቃጥልም፤ ይሠራል ከተባለም የሚሠራው በሙቀት አይደለም። በስፋት የተያዘው ማብራሪያ፣ የሕዋስ የኃይል ማመንጫ በሆነው በማይቶኮንድሪያ ውስጥ ያለ ሳይቶክሮም ሲ ኦክሲዴዝ የተባለ ኢንዛይም ቀዩን ብርሃን ስለሚውጥ የሕዋሱ የኃይል ምርት ይጨምራል፣ የደም ሥርን የሚያሰፋ ናይትሪክ ኦክሳይድም ይለቀቃል፣ በዚህም ያረፈው ፎሊክል ወደ ዕድገት ዘመኑ ይገፋል የሚል ነው። ማብራሪያው አሳማኝ ይመስላል፤ ይሁን እንጂ አሳማኝ ማብራሪያ ኖሯቸው በሙከራ የወደቁ ሕክምናዎች በሕክምና ታሪክ ውስጥ ብዙ ናቸው፤ ስለዚህ ማብራሪያው ለፈተና የሚያበቃ ምክንያት ይሆናል እንጂ የፈተናውን ቦታ አይተካም።

ለገበያ የሚቀርበው ማስረጃ ዘወትር አንድ ዓይነት ነው፤ ከሕክምናው በፊትና በኋላ የተነሡ ሁለት ፎቶግራፎች ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። ይህ ማስረጃ ደካማ የሆነው ፎቶግራፉን ያነሣው ሰው ስለሚዋሽ ብቻ አይደለም። መብራቱ ከላይ ሲመጣና ከጎን ሲመጣ ያው ራስ የተለያየ መስሎ ይታያል፤ እርጥብና ደረቅ ፀጉርም እንዲሁ። ከዚህ የሚከብደው ግን ፀጉር በራሱ የሚያደርገው መለዋወጥ ነው። አውሮፓን በመሳሰሉ ወቅቶቻቸው እጅግ በሚለያዩ አገሮች የተደረጉ ጥናቶች በበጋው መጨረሻ የሚረግፈው ፀጉር እንደሚበዛ አሳይተዋል፤ በዚያ ጊዜ ሕክምና የጀመረ ሰው፣ መድኃኒቱ ንጹሕ ውኃ ቢሆን እንኳ፣ ከወራት በኋላ የተሻለው መስሎ ይታየዋል። በተጨማሪም ሰው ወደ ሐኪም ወይም ወደ መደብር የሚሄደው ፀጉሩ በብዛት ሲረግፍና ጭንቀቱ ከፍ ሲል ነው፤ ከፍተኛ ደረጃ የደረሰ ነገር ደግሞ ብዙውን ጊዜ በራሱ ጊዜ ወደ ተለመደው ልክ ይመለሳል። ተመራማሪዎች ይህን ወደ አማካዩ መመለስ ይሉታል። አንድ ሰው በራሱ ላይ ሞክሮ «ሠርቶልኛል» ሲል ብዙ ጊዜ የሚናገረው ከልቡ ነው፤ ነገር ግን ያ ሰው ሕክምናውን ባይወስድ ኖሮ ራሱ ምን ይመስል እንደነበር የሚያሳይ ሌላ ራስ የለውም።

ያንን ሌላ ራስ የሚተካው የንጽጽር ቡድን ነው። ተሳታፊዎች በዕጣ ለሁለት ይከፈላሉ፤ ዕጣ የተመረጠው ሐኪሙ ተስፋ ያለባቸውን ታካሚዎች ሳያውቀው እንኳ ወደ እውነተኛው ሕክምና እንዳያደላ፣ ዕድሜ፣ ወቅት፣ የዘር ሁኔታና ሌላውም ሁሉ በሁለቱ ወገን ተመጣጥኖ እንዲከፋፈል ነው። አንደኛው ቡድን እውነተኛውን መሣሪያ፣ ሁለተኛው አስመሳዩን ይወስዳል፤ ማን የትኛውን እንደያዘ ታካሚውም ፀጉሩን የሚቆጥረውም ባለሙያ እንዳያውቁ ይደረጋል። ይህ በሁለት ወገን ስውር የሆነ ሙከራ ይባላል።

ለክኒን አስመሳይ መሥራት ቀላል ነው፤ ተመሳሳይ ቀለምና መጠን ያለው ፍሬ አልባ ክኒን ይበቃል። ለብርሃን ግን አስመሳይ ማግኘት ብልሃት ይጠይቃል፤ ቆቡ ጨለማ ቢሆን ታካሚው ወዲያው ያውቃልና። በ2013 በወንዶች፣ በ2014 ደግሞ በሴቶች ላይ በአሜሪካ በታተሙ ሁለት ተያያዥ ሙከራዎች እውነተኛው ቆብ 21 ሌዘሮችና 30 ብርሃን ሰጪ ዳዮዶች ሲኖሩት፣ አስመሳዩ ቆብ በተራ ቀይ አምፖሎች ተሞልቶ ነበር፤ ስለዚህ ሁለቱም ቡድኖች በየሁለት ቀኑ ለ25 ደቂቃ፣ በጠቅላላው ለ16 ሳምንታት፣ በራሳቸው ላይ ቀይ ብርሃን እያዩ ተቀመጡ። የእነዚህ ሙከራዎች እውነተኛ ጥበብ ያለው በዚህ አምፖል ላይ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም፤ ከውጤቱ ቁጥር ይልቅ ስለ አስመሳዩ አሠራር መጠየቅ የአንድን ጥናት ጥራት ፈጥኖ ያሳያልና።

ቀጥሎ የሚመጣው የመቁጠር ሥራ ነው። ራስን በሞላ መቁጠር ስለማይቻል፣ ፀጉሩ በመሳሳት ላይ ካለበትና ጥቅጥቅ ካለበት መገናኛ ላይ ትንሽ ክብ ሥፍራ ይመረጣል፤ በ2013ቱ ሙከራ ይህ ሥፍራ 2.85 ካሬ ሴንቲሜትር ያህል ነበር። በዚያ ያለው ፀጉር ወደ 3 ሚሊሜትር ይቆረጥና በአጉሊ ካሜራ ይነሣል፤ ከወራት በኋላም ያው ሥፍራ በድጋሚ ተቆርጦ ይነሣል። «ያው ሥፍራ» የሚለው ቃል ቀላል ቢመስልም ምርመራው በሙሉ የቆመው በእርሱ ላይ ነው፤ ካሜራው ጥቂት ሚሊሜትር ቢንሸራተት ፀጉሩ ወፍራም ወደሆነበት ወይም ወደሳሳበት ስለሚሄድ፣ ያልተፈጠረ ለውጥ የተፈጠረ ይመስላል። ስለዚህ በብዙ ሙከራዎች በሥፍራው ላይ ትንሽ የንቅሳት ነጥብ ይደረጋል። የሚቆጠረውም ሁሉም ፀጉር አይደለም፤ ለስላሳው ጠጕር ተለይቶ፣ በዓይን የሚታየውና ራስን የሚሸፍነው ወፍራሙ ፀጉር ብቻ ይቆጠራል።

ውጤቱን በተመለከተ ትልቁ ሙከራ በ2014 የታተመው የሌዘር ማበጠሪያ ጥናት ነው። በአሜሪካ በተለያዩ የሕክምና ሥፍራዎች 128 ወንዶችና 141 ሴቶች ገብተውበት፣ መሣሪያውን በሳምንት ሦስት ጊዜ ለ26 ሳምንታት ተጠቅመዋል። በሴቶች፣ እውነተኛውን መሣሪያ በያዙት በአንድ ካሬ ሴንቲሜትር ላይ 20 ያህል ወፍራም ፀጉር ሲጨምር፣ አስመሳዩን በያዙት 3 ያህል ብቻ ጨመረ። በወንዶች፣ ሰባት ጨረር ባለው መሣሪያ ጭማሪው 18.4፣ በአስመሳዩ 1.6 ሆነ፤ ዘጠኝና አሥራ ሁለት ጨረር ባላቸው መሣሪያዎች ደግሞ 20.9 እና 25.7 ሲሆን፣ በዚህኛው ንጽጽር አስመሳዩን በያዙት 9.4 ሆነ።

ይህ የመጨረሻው ቁጥር ሊታለፍ አይገባም። ምንም ዓይነት ሌዘር ያልነካቸው ወንዶች በአንድ ካሬ ሴንቲሜትር ከ9 በላይ ወፍራም ፀጉር ጨመሩ። እነዚህ ሰዎች ብቻቸውን በማስታወቂያ ላይ ቢቀርቡ ኖሮ፣ ከበፊቱና ከኋላው ፎቶግራፋቸው ጋር፣ ለአስመሳዩ መሣሪያ ምስክር በሆኑ ነበር። የሕክምናው ትክክለኛ ዋጋ 20.9 ወይም 25.7 ሳይሆን ከእነዚህ ላይ 9.4 ሲቀነስ የሚቀረው ነው፤ ያም ቢሆን በአጋጣሚ ሊገኝ ከሚችለው በላይ ነበር። በ2013ቱ የቆብ ሙከራም ጭማሪው በመቶኛ ተገልጾ በወንዶች 35፣ በሴቶች በ2014ቱ 37 በመቶ ተብሏል፤ ሆኖም በመቶኛ የሚነገር ዕድገት መነሻው ትንሽ ሲሆን ትልቅ እንደሚመስል መታወስ አለበት፤ ሙከራዎቹንም የጨረሱት 41 ወንዶችና 42 ሴቶች ብቻ ነበሩ።

ለማነጻጸር ያህል፣ ራስ ላይ የሚቀባው ሚኖክሲዲል የተባለ መድኃኒት በ2002 በታተመ፣ 393 ወንዶች በተሳተፉበት ሙከራ ከ48 ሳምንታት በኋላ በአንድ ካሬ ሴንቲሜትር፣ 5 በመቶ ጥንካሬ ያለው 18.6፣ 2 በመቶ ያለው 12.7፣ አስመሳዩ 3.9 ጭማሪ አሳይቷል። የተለያዩ ሙከራዎችን ቁጥር አንዱን በሌላው ላይ ማስቀመጥ አደጋ ቢኖረውም፣ ብርሃኑ ከታወቀው መድኃኒት ጋር በአንድ ረድፍ የሚቆጠር እንጂ በራ የሆነን ራስ ወደ ወጣትነት ዘመኑ የሚመልስ አለመሆኑን ያሳያል።

የእነዚህን ሙከራዎች ጉድለት መናገርም የዝግጅቱ ግዴታ ነው። በትልቁ ጥናት ከገቡት 269 ሰዎች እስከ መጨረሻ የቆዩት 225 ናቸው፤ ያቋረጡት 44 ሰዎች ፀጉራቸው ባለመሻሻሉ ተስፋ ቆርጠው ሄደው ከሆነ፣ የቀሩት አማካይ ከእውነታው በላይ ያማረ ይሆናል። ዋና ዋናዎቹ ሙከራዎች የተደረጉትም መሣሪያውን በሚሸጡ ድርጅቶች ገንዘብ ነው፤ ይህ ውጤቱን ሐሰት ባያደርገውም፣ ጥቅም በሌለው ወገን መደገም እንዳለበት ያመለክታል። ፀጉር ደግሞ የዓመታት ጉዳይ ሆኖ ሳለ ሙከራዎቹ የቆዩት 16 እና 26 ሳምንታት ነው።

መሣሪያዎቹ ለገበያ ሲቀርቡ የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ፈቃድ ይጠቀስላቸዋል። የመጀመሪያው የሌዘር ማበጠሪያ በ2007 ለወንዶች፣ በ2011 ለሴቶች ፈቃድ ማግኘቱ እውነት ነው። ይሁን እንጂ የተሰጠው ፈቃድ ለአዲስ መድኃኒት የሚሰጠው ማጽደቅ አይደለም፤ መሣሪያው ቀድሞ በገበያ ካለ መሣሪያ ጋር በደኅንነትና በአሠራር ተመጣጣኝ መሆኑን በማመን የሚሰጥ ማለፊያ ነው። ከመጀመሪያው በኋላ የመጡ ብዙ ቆቦችና ማበጠሪያዎች በዚሁ ተመጣጣኝነት አልፈዋል፤ ስለሆነም በአንዱ መሣሪያ ላይ የተደረገ ሙከራ ለሌላው ሁሉ እንደተደረገ አድርጎ መውሰድ ስሕተት ነው።

ከሁሉ በላይ ለኢትዮጵያውያን አድማጮች ሊነገር የሚገባው ግን ሙከራዎቹ እነማንን እንዳስገቡና እነማንን እንዳስቀሩ ነው። ቶማስ ፊትዝፓትሪክ የተባለ የሃርቫርድ የቆዳ ሐኪም በ1975 የሰውን ቆዳ ለፀሐይ በሚሰጠው ምላሽ መጀመሪያ በአራት መደበ፤ በኋላም ጠይምና ጥቁር ቆዳ በአምስተኛና በስድስተኛ ደረጃ ተጨመሩ። ከላይ የተጠቀሱት የማበጠሪያና የቆብ ሙከራዎች የተቀበሉት ከአንደኛ እስከ አራተኛ ደረጃ ያሉትን ብቻ ነው። ለቆዳ ቀለም የሚሰጠው ሜላኒን ብርሃንን ስለሚውጥ፣ በጥቁር ቆዳ ፎሊክሉ ዘንድ የሚደርሰው ብርሃን መጠኑ ሊቀንስ፣ በቆዳው ላይ የሚቀረው ደግሞ ሊጨምር ይችላል። ይህ ማለት ሕክምናው ለጥቁር ቆዳ አይሠራም ማለት አይደለም፤ ይጎዳልም ማለት አይደለም፤ በእነዚያ ሙከራዎች ጥያቄው ለዚያ ቆዳ አልቀረበም ማለት ነው። መሣሪያው በአሜሪካ ያለ ሐኪም ማዘዣ ስለሚሸጥ፣ በዚያ የሚኖር ኢትዮጵያዊ ለራሱ ሲገዛው ወይም ለአገር ቤት ዘመዱ ሲልከው፣ በሣጥኑ ላይ የተጻፈው ቁጥር ከእርሱ ቆዳ የተገኘ አለመሆኑን ማወቁ የሚገባው ነው።

የኢትዮጵያ ሁኔታ ሌላም ጥንቃቄ ይጠይቃል። በአገሪቱ ፀጉር የሚሳሳው ሁሉ በዘርና በሆርሞን አይደለም። በልጆች ዘንድ የተለመደው በፈንገስ የሚመጣ የራስ ቆዳ ሕመም የራሱ መድኃኒት አለው፤ ላሽ የሚባለውና በክብ ቅርጽ በድንገት የሚመለጠው የሰውነት መከላከያ ፎሊክሉን በማጥቃቱ የሚመጣ ሊሆን ይችላል፤ ለዓመታት እየጠበቀ የሚሠራ ሹሩባ ደግሞ ከግንባርና ከጆሮ አካባቢ ፀጉሩን ስቦ ይነቅለዋል፤ ይህም ከቆየ ፎሊክሉ ጠባሳ ሆኖ ይቀራል። ለእነዚህ ሁሉ ሙከራዎቹ መልስ አይሰጡም፤ በተለይ ሹሩባው ሳይላላ ቆብ መድፋት ጊዜ ማባከን ነው። ስለዚህ እንደ አለርት ባለ፣ የቆዳ ሕክምና በሚሰጥበት ሆስፒታል የመሳሳቱን ዓይነት ማስለየት ከማናቸውም መሣሪያ ይቀድማል።

ወደፊት በኢትዮጵያውያን ላይ እንዲህ ያለ ሙከራ ቢደረግ፣ ከውጭ የተዘጋጀውን ሥርዓት እንዳለ መገልበጥ አይቻልም። በነጭ ቆዳ ላይ የሥፍራው ምልክት የሆነችው ጥቁር የንቅሳት ነጥብ በጥቁር ቆዳ ላይ አትታይም። ጥቁር ፀጉርን ከነጣ ቆዳ ለይቶ የሚቆጥር የኮምፒውተር ዘዴ ሁለቱም ሲጠቁሩ ይሳሳታል። ጥቅልል ፀጉርም 3 ሚሊሜትር ሆኖ ሲቆረጥ እንኳ ተጠቅልሎ በጎረቤቱ ላይ ስለሚተኛ፣ ከሁለቱ አንዱ ሳይቆጠር ይቀራል። ፀጉሯ የሳሳባትን ሴት ደግሞ ከአናቷ ላይ ለምርመራ የሚሆን ክብ ሥፍራ እንድታስቆርጥ መጠየቅ፣ ፈቃዷን በግልጽ ቋንቋ ሳያገኙና የተቆረጠው ሥፍራ በሹሩባ አሠራር እንዴት እንደሚሸፈን ከእርሷ ጋር ሳይነጋገሩ የሚደረግ አይደለም፤ ምልክቱ በምን ቀለም እንደሚሆን፣ ቆጠራው በዓይን ወይም በኮምፒውተር መሆኑና ክቡ ከአናት የትኛው ወገን እንደሚወሰድ የመጀመሪያው ቆብ ከመብራቱ በፊት ተወስኖ መጻፍ ይኖርበታል።